ሁለት ቅጂ ማመሳከር፤ ከመቅደላ መጻሕፍት እስከ ‹‹ዲፍ››

1. መግቢያ

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ገና ከጅምሩ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ፣ አንድን ድርሰት ከመጥቀሱ በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳነበበ ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ሲዘነጋ ይታያል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› ነበር። ዛሬ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ኋላ አገር ውስጥ ሲታተም በተሰጠው ‹‹ጦቢያ›› በሚለው ስሙ ነው። የኋለኛውን ኅትመት አንብቦ የ1900ውን የሚጠቅስ ተማሪ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ፊደል በፊደል አንድ ናቸው ብሎ ሳያውቀው ምሏል ማለት ነው። ማን አመሳክሮለት?

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ የማመሳከር ሥራ ታሪክ ላይ ነው። በመጀመሪያ ጸሐፍቶቻችንና መምህራኖቻችን የቅጂዎችን ልዩነት እንዴት ይይዙት እንደነበር አያለሁ። ቀጥዬም ከመቅደላ የተወሰዱትን ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች አነሣለሁ። ከዚያም ‹‹ዲፍ›› የተባለውን፣ ሁለት ፋይሎችን አነጻጽሮ ልዩነታቸውን የሚዘረዝረውን የኮምፒዩተር መሣሪያ አመጣጥና አሠራር እገልጣለሁ። በመጨረሻም በዚሁ መሣሪያ ስጠቀም አቀስታ ላይ የፈጸምሁትን ስሕተት እናገራለሁ። ስሕተቱን የምናገረው ለኑዛዜ ሳይሆን፣ የአማርኛና የግእዝ ጽሑፎችን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገቡ ሰዎች ቁጥር እየበዛ በመጣበት በዚህ ጊዜ እኔ የሠራሁትን ሌሎችም ሳያስተውሉት ሊሠሩት ስለሚችሉ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ‹‹እ.ኤ.አ.›› የተባሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ‹‹ዓ.ም.›› የተባሉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

2. በብራና ዘመን የነበረው ልማድ

በእጅ በሚገለበጥ መጽሐፍ ሁለት ፍጹም አንድ የሆኑ ቅጂዎች የሉም ለማለት ይቻላል። ጸሓፊው አብነቱን እያየ ሲቀዳ ዐይኑ አንድ ቃል ከተደጋገመበት ስፍራ ላይ ይዘላል፤ ከመጀመሪያው ‹‹ይቤ›› ተነሥቶ ከሁለተኛው ‹‹ይቤ›› ይቀጥላል፤ በመካከል ያለው ዐረፍተ ነገር እንደ ወጣ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜም የሰማውን ድምፅ እንጂ ያየውን ፊደል አይጽፍም። ስለሆነም መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ ማረም የግድ ነበር። የጎደለው ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በኅዳጉ በደቃቅ ፊደል ይገባል፤ የተረፈው ይፋቃል፣ ወይም ከላይና ከታች ሰረዝ ይደረግበታል። በየገዳማቱ ያሉትን ብራናዎች ያገላበጠ ሁሉ እነዚህን ምልክቶች ያውቃቸዋል። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አዘገጃጀት በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም የብራናውን፣ የቀለሙንና የጸሓፊውን ሥራ ለሚመረምር ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ከጸሓፊው እርማት የበለጠ ትኩረት የሚስበው ግን የአንድምታው መምህራን ዘዴ ነው። የንባብ ልዩነት ሲገጥማቸው አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም። ‹‹ቢል›› በምትለው አጭር ቃል ሁለተኛውን ንባብ ያመጡና ለእርሱም ትርጉም ይሰጡታል። ይኸውም መጽሐፉ እንዲህ ቢል ትርጉሙ ይህ ነው፤ እንዲያ ቢል ደግሞ ያ ነው እንደ ማለት ነው። ሮጀር ካውሊን የመሳሰሉ የአንድምታ አጥኚዎችም ይህን አስተውለውታል። እንግዲህ መምህሩ የልዩነቱ መዝገብ ያዥ ነው፤ ፍርዱን ለሰሚው ይተዋል፣ ወይም ሁለቱንም ያጸናል።

ይህ በአውሮፓ በ19ኛው መቶ ዓመት ከተስፋፋውና በካርል ላኽማን ስም ከሚጠራው ስልት ይለያል። የላኽማን ስልት ቅጂዎቹን በጋራ ስሕተቶቻቸው መሠረት እንደ ትውልድ ሐረግ አዛምዶ፣ ወደ ጠፋው አባት ቅጂ በተቻለ መጠን ለመመለስ ይጥራል። ዲልማን፣ ቻርልስና ቤትሶልድ የግእዝ መጻሕፍትን ሲያሳትሙ ልዩ ልዩ ቅጂዎችን ቃል በቃል ያመሳከሩት በዚህ ምሁራዊ ባህል ውስጥ ሆነው ነው። ቻርልስ በ1906 እ.ኤ.አ. ላሳተመው የመጽሐፈ ሄኖክ የግእዝ ንባብ 23 ቅጂዎችን አመሳክሯል። ይህ ሁሉ የተሠራው በዐይን፣ በጣትና በወረቀት ነበር።

የማመሳከሩ ጉዳይ ለምዕራብ ወሎ ደጋ የተለየ ክብደት አለው። በጥንቱ አጠራር ቤተ አማራ በተባለው በዚህ አገር የነበሩት ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት፣ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም፣ በ1531 እ.ኤ.አ. በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጥለዋል። ዓረብ ፈቂህ የጻፈው ‹‹ፉቱሕ አል ሐበሻ›› የዚያን ጊዜ የአድናቆትና የዘረፋ ሁኔታ ይተርካል። ከዚያ በኋላ ታሪኳ ከዐፄ ገላውዴዎስ (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ጋር የተሳሰረው የሣይንቷ ተድባበ ማርያም የአካባቢው ዋነኛ የመጻሕፍት ማኅደር ሆነች። አብነቱ በተቃጠለበት አገር የተረፈው ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አንዱን ቅጂ ከሌላው ማስተያየት የጠፋውን ቤት በቀረው ፍርስራሽ ለማወቅ እንደ መሞከር ይቆጠራል።

3. ከመቅደላ የወጡት ሁለት ክብረ ነገሥት

ከአቀስታ በስተሰሜን፣ በዚያው በደቡብ ወሎ፣ የመቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ መጻሕፍቱ ተዘረፉ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የተላከው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። በመጨረሻ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ፤ ዊልያም ራይት በ1877 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካታሎግም ተመዘገቡ።

ከእነዚህ መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሩ። በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለእንግሊዝ መንግሥት በላኩት ደብዳቤ ሁለት ነገሮች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ፤ አንዱ ኵርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል፣ ሌላው ክብረ ነገሥት ነው። ሥዕሉ በሆልምስ እጅ በግል ተይዞ ስለነበር አልተመለሰም። መጽሐፉን በሚመለከት ግን ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረውና አንዱን ለመመለስ ተስማማ፤ በታኅሣሥ 14 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. በባለአደራዎቹ ትእዛዝ መመለሱ ተመዘገበ። ሌላው ቅጂ በ818 ቁጥር ተመዝግቦ ለንደን ቀረ።

ነገሩ በቸርነት የተፈጸመ ይመስላል። ነገር ግን የንጉሡን ደብዳቤ ይዘት ልብ ብሎ ላየው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ንጉሡ የፈለጉትን መጽሐፍ ሲገልጹ የመላ ኢትዮጵያ ሕግ፣ የሹማምንት፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የአውራጃዎች ስም ያለበት መሆኑን፣ ያለ እርሱም ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አመልክተዋል። ይህ ገለጻ ከንግሥተ ሳባና ከቀዳማዊ ምኒልክ ትረካ ይልቅ በመጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ለሚጻፈው ዓይነት መዝገብ፣ ማለትም ለሹመት፣ ለጉልትና ለርስት ማስታወሻ ይስማማል። እንዲህ ከሆነ ንጉሡ የጠየቁት ‹‹ክብረ ነገሥት›› የተባለውን ድርሰት አልነበረም፤ አንድን የተለየ ጥራዝ ነበር።

ለሙዚየሙ ሁለቱ ጥራዞች የአንድ ድርሰት ሁለት ቅጂዎች ናቸው፤ አንዱ ቢሄድ አንዱ አለ። ለባለቤቱ ግን ዋናው ንባብ አንድ ቢሆንም ቅጂዎቹ አንድ አይደሉም፤ ልዩነቱ የአገር አስተዳደር ነው። የማመሳከር ሥራ ሁሉ የሚወድቀው ወይም የሚቆመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከማነጻጸር በፊት ‹‹ጽሑፉ›› ማለት ምን ማለት እንደሆነ መወሰን አለበት። ኅዳጉ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ሳይወስን ‹‹አንድ ናቸው›› የሚል ሰው የሚናገረው ስለ መጻሕፍቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ምርጫ ነው።

4. ‹‹ዲፍ›› እንዴት ተገኘ፤ እንዴትስ ይሠራል?

ማመሳከርን በመሣሪያ ለማገዝ የተደረገው ሙከራ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ቻርልተን ሂንማን የተባለው አሜሪካዊ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በመስታወትና በመብራት የሚሠራ መሣሪያ ፈለሰፈ። የአንድ ኅትመት ሁለት ቅጂዎች ግራና ቀኝ ይቀመጡና ምስላቸው በአንድ ቦታ ላይ እየተፈራረቀ ይታያል፤ የተለያዩበት ነጥብ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ሂንማን በዚህ ዘዴ በዋሽንግተን የፎልጀር ቤተ መጻሕፍት ካሉት 82 የሼክስፒር የመጀመሪያ ፎሊዮ ቅጂዎች ከ50 በላይ የሆኑትን አመሳክሮ ውጤቱን በ1963 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በማተሚያ ቤት በአንድ ጊዜ የተመቱ ቅጂዎች እንኳ ልዩነት እንዳላቸው በዚህ ሥራ በግልጽ ታየ።

‹‹ዲፍ›› የተወለደው ግን ለሥነ ጽሑፍ ታስቦ አይደለም። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የዩኒክስን ሥርዓት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች የየራሳቸውን ፕሮግራም ጽሑፍ በየጊዜው ያሻሽሉ ነበር። የትናንቱ ቅጂ ከዛሬው በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋቸው ነበር። ዳግላስ ማኪልሮይ ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ጻፈ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ከዩኒክስ አምስተኛ ዕትም ጋር ወጣ። ስልቱን ከጄምስ ሃንት ጋር በ1976 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አብራሩት። ዩጂን ማየርስ በ1986 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈጣን ስልት ደግሞ ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ ላሪ ዎል የ‹‹ዲፍ››ን ዝርዝር ተቀብሎ አሮጌውን ፋይል ወደ አዲሱ የሚለውጥ ‹‹ፓች›› የተባለ ፕሮግራም አወጣ። እንግዲህ የልዩነት ዝርዝር ከተያዘ ሁለቱን ቅጂዎች ሙሉ በሙሉ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ አንዱና ዝርዝሩ ይበቃሉ ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መስመር ላይ የፕሮግራሙ ስምና የሁለቱ ፋይሎች ስም ይጻፋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፋይል እንደ መስመሮች ሰልፍ ይቆጥረዋል። ከሁለቱ ሰልፎች ቅደም ተከተላቸው ሳይፋለስ በጋራ የሚገኙትን መስመሮች፣ ከሁሉ የበዙትን፣ ይፈልጋል። ከእነዚህ የወጣው ሁሉ ልዩነት ነው። በመጀመሪያው ፋይል ብቻ ያለውን ወደ ግራ በሚያመለክት ቀስት፣ በሁለተኛው ብቻ ያለውን ወደ ቀኝ በሚያመለክት ቀስት ያሳያል፤ መጨመር፣ መሰረዝ ወይም መለወጥ መሆኑንም በአንድ ፊደል ያመለክታል። ሁለቱ ፋይሎች አንድ ከሆኑ ምንም አይናገርም። የዚህ መሣሪያ ‹‹አዎ›› ዝምታ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። በመጀመሪያው ፋይል ‹‹ንጉሥ / መጣ / ወደ / ወሎ›› የሚሉ አራት ቃላት በአራት መስመር ተጽፈዋል እንበል። በሁለተኛው ‹‹ንጉሥ / ቴዎድሮስ / ወደ / ወሎ / መጣ›› የሚሉ አምስት ቃላት አሉ። የጋራው ሰልፍ ‹‹ንጉሥ / ወደ / ወሎ›› ነው። ስለሆነም ‹‹ዲፍ›› የሚነግረን ‹‹መጣ›› ወደ ‹‹ቴዎድሮስ›› እንደ ተለወጠ፣ በመጨረሻም አዲስ ‹‹መጣ›› እንደ ተጨመረ ነው። ሰው ግን ግሡ ወደ መጨረሻ እንደ ሄደና ስም እንደ ገባ ወዲያው ያያል። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ አጭሩን መንገድ ተናገረ። አጭሩ መንገድ ግን ጸሓፊው የሄደበት መንገድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። ከቦታው የተዛወረ ክፍል በ‹‹ዲፍ›› ዘንድ አንድ ቦታ የጠፋ፣ ሌላ ቦታ የተፈጠረ ነው።

ወደ ፊደላችን ስንመጣ ሌላም ችግር ይታያል። እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የግእዝ ፊደል ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ስለነበር፣ አንድ ገጽ በሁለት ፕሮግራሞች ቢጻፍ ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ፋይሎች ነበሩ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህ ችግር ተቃሏል። ነገር ግን ዩኒኮድ ‹‹ሀ››ን፣ ‹‹ሐ››ን እና ‹‹ኀ››ን፣ ‹‹ሠ››ን እና ‹‹ሰ››ን፣ ‹‹አ››ን እና ‹‹ዐ››ን፣ ‹‹ጸ››ን እና ‹‹ፀ››ን ለየብቻ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ለአማርኛ አንባቢ ‹‹ዓለም›› እና ‹‹አለም›› አንድ ቃል ናቸው፤ ለ‹‹ዲፍ›› ግን የ‹‹ዓ›› እና የ‹‹አ›› ልዩነት ከ‹‹ዓ›› እና ከ‹‹መ›› ልዩነት አያንስም። አንዱ ጸሓፊ አራት ነጥብን በአንድ ምልክት፣ ሌላው ሁለት ሁለት ነጥቦችን አጠጋግቶ ቢጽፈው እንኳ እንደ ልዩነት ይቆጠራል።

5. አቀስታ ላይ የሠራሁት ስሕተት

አቀስታ የለጋምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አንድ ክረምት በዚያ በቆየሁበት ጊዜ በአካባቢው ካለ አንድ ደብር የተገኘ የተአምረ ማርያም ብራና ፎቶግራፍ እመለከት ነበር። የደብሩን ስም ለመጽሐፉ ደኅንነት ስል አልጠቅስም። በመጽሐፉ መጨረሻ ከጸሎት ጋር የተጻፈ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። የዚህኑ ክፍል፣ ብራናው በእርጥበት ከመጎዳቱ በፊት፣ አንድ ካህን በደብተር ገልብጠውት ነበር። ስለዚህ ሁለት ምስክሮች ነበሩኝ፤ ብራናውና ደብተሩ። ሁለቱንም ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁ። በጽሑፉ መጨረሻ ስማቸው ከተነሣው ሰዎች የአንዱ ሥራ ምን እንደነበር ለማወቅ ፈልጌ ነበር።

በመጀመሪያ ‹‹ዲፍ››ን ሳሠራ ገጹ በቀስት ተሞላ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የብራናው መስመር የሚያልቅበትና የደብተሩ መስመር የሚያልቅበት ቦታ አይገጥሙም። እያንዳንዱን ቃል በየራሱ መስመር ላይ እንዲያርፍ አደረግሁ። ቀስቱ ቀነሰ፤ ግን አሁንም ብዙ ነው። የቀረው በአብዛኛው የ‹‹ሀ›› እና የ‹‹ሐ››፣ የ‹‹አ›› እና የ‹‹ዐ›› ልዩነት ነበር። ‹‹ይህማ የፊደል ጉዳይ ነው›› ብዬ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ትእዛዝ ጽፌ በሁለቱም ፋይሎች ላይ አሠራሁ። ይህ በአማርኛ የኮምፒዩተር ሥራ የተለመደ ነው፤ ለፍለጋም ለትርጉምም ጽሑፍ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይደረጋል። ዳግመኛ ሳሠራው ከጥቂት ቦታዎች በቀር ‹‹ዲፍ›› ዝም አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ ብዬ ጻፍሁ፤ ሰውየውም ለምኖ ያጻፈ ባለ ስእለት ነው አልሁ።

በማግስቱ ለአንድ የቅኔ መምህር ሁለቱንም አነበብሁላቸው። በድምፅ ልዩነቱ ስለማይሰማ የኔታ ፎቶግራፉንና ደብተሩን ራሳቸው ማየት ፈለጉ። አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

‹‹ሁለቱ አንድ ናቸው ያለህ ማነው?››

‹‹ኮምፒዩተሩ ነው፣ የኔታ።››

‹‹ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ለይቶ ያውቃል?››

‹‹ያውቅ ነበር፤ ያስረሳሁት እኔ ነኝ።››

‹‹ታዲያ ምን ጠየቅኸው? የምታውቀውን መልሰህ ሰማህ እንጂ!››

ደብተሩ ‹‹ዘሰአለ›› ይላል፤ የለመነ ማለት ነው። ብራናው ግን ‹‹ዘሠዐለ›› ይላል፤ ሥዕል የሠራ ማለት ነው። እኔ ሁለቱን ወደ አንድ አምጥቼ ‹‹ዘሰአለ›› አድርጌያቸዋለሁ። ስሙ በሌላ ቦታ ያልተገኘ ሰዓሊ ሊሆን የሚችለውን ሰው በአንድ መስመር ትእዛዝ ለማኝ አድርጌው ነበር። ከቃሉ ቀጥሎ ያለው የብራና ክፍል በእርጥበት ጠፍቷል፤ ገልባጩም በዚያው ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርገው አልፈውታል። ስለዚህ አረፍተ ነገሩ ራሱ አይፈርድልንም።

ይህ የግእዝ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ‹‹መሀረ›› አስተማረ ሲሆን ‹‹መሐረ›› ይቅር አለ ነው፤ ‹‹ሰረቀ›› ሰረቀ ሲሆን ‹‹ሠረቀ›› ወጣ፣ በራ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. በደስታ ተክለ ወልድ የታተመው መዝገበ ቃላት ፊደላቱን እንደ ሥራቸው ለይቶ ማስፈሩ ለዚህ ነው። እኔም አውቀው ነበር። ሆኖም ልዩነቱ ሲበዛብኝ፣ ሥራው እንዲቀልልኝ ብዬ ያወቅሁትን ተውሁት።

በሌላ በኩል ግን የፊደሉ ልዩነት ብቻውን ማስረጃ ነው ብሎ መፍረድም አይቻልም። በብራናዎቻችን ላይ ጸሐፍት ሞክሼ ፊደላትን ሲያቀያይሩ ማየት የተለመደ ነው። ብራናው ‹‹ሠ›› ስላለ ብቻ ሰዓሊ ነው ማለት የመጀመሪያውን ስሕተት በሁለተኛ ስሕተት መተካት ነው። ስለዚህ ወደ መሣሪያው ተመለስሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ይዤ። ያልተነካውን ፋይል ወስጄ፣ በተየብሁት የብራናው ክፍል ሁሉ ጸሓፊው ‹‹ሠ›› እና ‹‹ሰ››ን በየትኞቹ ቃላት እንደሚጽፍ አስዘረዘርሁ። ሦስቱን ‹‹ሀ›› ያለ ሥርዓት ያቀያይራል። ‹‹ሠ›› እና ‹‹ሰ››ን ግን በአብዛኛው ጠብቋል። የደብተሩ ገልባጭ ደግሞ በአማርኛ ልማድ ‹‹ሰ››ን ያዘወትራሉ። እንግዲህ ‹‹ሰዓሊ›› የሚለው ንባብ ያመዝናል፤ ነገር ግን አልተረጋገጠም። በመጨረሻ ያደረግሁት የአንድምታው መምህራን እንደሚያደርጉት ነው፤ አንዱን በዋናው ንባብ አስቀምጬ ሌላውን ‹‹ቢል›› አልሁት።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላም ነገር ታየኝ። በመጽሐፉ የታችኛው ኅዳግ ላይ በሌላ እጅ የተጻፈ የመሬት ማስታወሻ አለ። ‹‹ጽሑፉ አይደለም›› ብዬ ሳልተይበው ቀርቼ ነበር። የመቅደላውን ነገር እያስተማርሁ፣ ሙዚየሙ አላየውም ብዬ የምወቅሰውን እኔው በገዛ ፋይሌ ላይ ሠርቼዋለሁ። ‹‹ዲፍ›› ያልተሰጠውን አያነጻጽርም፤ በሁለቱም ፋይሎች የሌለ ነገር በዝምታው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

6. ማጠቃለያ

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ ጥራዞችን በፊልም አስቀርቷል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ በካታሎጉ ደክመዋል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ በሃምቡርግ ‹‹ቤተ መጻሕፍት›› በተሰኘው ፕሮጀክት የብራና መጻሕፍት መግለጫና ንባብ በኮምፒዩተር በሚነበብ መልክ እየተዘጋጀ ነው። ማመሳከር ያለበት ጽሑፍ ብዛት ከአንድ ሰው ዐይን አቅም በላይ ሆኗል፤ መሣሪያው ያስፈልገናል። ‹‹ዲፍ›› አይደክምም፣ አይዘልም፣ የሚያውቀውን ቃል ባየ ጊዜ በግምት አያልፍም። ደካማ ጸሓፊ ከ‹‹ይቤ›› ወደ ‹‹ይቤ›› ሲዘል የጣለውን በቅጽበት ያወጣል።

ወሰኑን ግን ማወቅ ይገባል። መሣሪያው የሚሠራው አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ አብነት በተቀዱ ጽሑፎች ላይ ነው። ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የጻፏቸው ታሪኮች ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ እንጂ የአንድ ጽሑፍ ሁለት ቅጂዎች አይደሉም፤ ሁለት ምስክሮች ናቸውና በመስመር አይመዘኑም። በዚሁ በወሎ በዓረብኛ ፊደል፣ በዐጀም፣ የተጻፈን መንዙማና ያንኑ መንዙማ በእኛ ፊደል የተጻፈውን ብናቀርብለት ደግሞ አንድም የጋራ መስመር አያገኝላቸውም፤ ለሰሚው ግን አንድ ናቸው።

ከዚህ በመነሣት ለተማሪዎች ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ትየባ እንዳለ አስቀምጡ፤ ፊደል ማቀራረብ ካስፈለገ በግልባጩ ላይ ይሁን፣ መደረጉም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ኅዳጉን፣ ባዶ ገጹንና በሌላ እጅ የተጨመረውን ሁሉ ተይቡ፤ ጽሑፉ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ኋላ የሚመጣው አንባቢ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ዝም ሲል ምን ጠይቃችሁት ዝም እንዳለ ራሳችሁን ጠይቁ።

በዚያ ክረምት ከአቀስታ ከመውጣቴ በፊት የታረመውን ዝርዝር ለየኔታ አሳየኋቸው። ‹‹ቢል›› የሚለውን ቃል ሲያዩ ፈገግ አሉ። ‹‹አሁን አስተማርኸው›› አሉኝ። እኔ ግን የተማርሁት እኔ መሆኔን አውቃለሁ። ስሙ በብራናው ጫፍ የቀረው ሰው ሰዓሊ ይሁን ለማኝ ዛሬም አልተቆረጠም፤ ቢያንስ ግን ሁለቱም ንባቦች ለሚቀጥለው አንባቢ ቆይተውታል።